ሦስተኛው ወንበር

አፉላ፣ በነሐሴ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፤
የአውቶቡስ መቆሚያው ብረት እንደ እሳት።
ልጅቷ ግን መጣች ባለ ረጅም እጅጌ፤
«ማየት ሥራዬ አይደለም» አልኩ፣ ዓይኔን ማሳረፊያ ፈልጌ።

ሥራዬ ማስተርጎም ነው።
ደንቡ አጭር ነው፦ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ፣
አታልቅሺ፤
የሰው ቃል ተሸከሚ፣ ማዶ አድርሺ።
ወንበሬ ሦስተኛው ነው፤ ከሐኪሟ ጎን ሳልሆን፣ ከእናትም ጎን ሳልሆን፣
በሁለት ቋንቋ መሃል የበር ማጠፊያ መሆን።

ሐኪሟ ኢና ትባላለች፤ እሷም ከሩቅ መጥታለች፣
ዕብራይስጡን በሩሲያ ጥርስ ትቆረጥመዋለች።
«ትንሽ ሳለች ቤት ውስጥ ምን ነበር?» ብላ ጠየቀች።

ዝማም ቦርሳዋን ከጉልበቷ አላወረደችም።
«ምንም አልነበረም። ልጄ ተርባ አታውቅም፤
ታርዛ አታውቅም።
ጎበዝ ናት፤ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ አፌ እሷ ናት፤
ባንክ ሄዳ፣ መብራት ኃይል ደውላ፣ ከቤት አከራይ ተከራክራ፣
የወንድሟን መምህር እሷው አነጋግራ።
ክንዷን ምን እንዳስጨከናት እኔ እንጃ፤
ሆድ ይፍጀው ብላ የያዘችው አለ እንጂ።»

ሆድ ይፍጀው።
እዚህ ላይ ቆምኩ። በዕብራይስጥ እንዴት ልበለው?
«ዝም ብላ ያዘችው» አልኩ። ኢና ጻፈችው።

«አይደለም» አለች ልጅቷ፣
ከገባች የመጀመሪያ ቃሏ።
«ዝም ማለት አይደለም። ሆድ ራሱ ያቃጥለው ማለት ነው፣
አመድ እስኪሆን፣ ጢሱን ማንም ሳያየው።»
አረመችኝ፣ ቀና ሳትል፣ እንደ ድሮ ሥራዋ፤
ስሟ ኖፋር፣ ዕድሜዋ አሥራ አምስት፣
በዚህ ወንበር ከእኔ ይልቅ አንጋፋዋ።

ከዚያ ጀመረች። ለእናቷ አይደለም፣ ለመስኮቱ።

«ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የሆስፒታል ኮሪደር።
አባቴ ውስጥ ነው። ሐኪሙ ቸኩሏል፣ አስተርጓሚ የለም።
ጎንበስ ብሎ፦ ለእናትሽ ንገሪያት፣ ሌሊቱን አይሻገርም፣ አለኝ።
ወደ እናቴ ዞርኩ።
ይድናል ይላሉ፣ አልኳት።
ወንድሜ ቤት ብቻውን ነበር። ሄድን።
አባቴ እጁን የሚይዝለት ሰው አልነበረም።
እኔ ነኝ የወሰድኳት።»

አፌ ደረቀ።
አንዲት ቃል ብቻ ባነሳላት፣
«አባቷ ሲሞት ፈርታ ነበር» ብዬ ብደመድመው፣
ልጅቷ በዘጠኝ ዓመቷ ያደረገችውን እኔ በአርባ ዓመቴ ልደግመው!
አላነሳሁም። ሁሉንም አልኩ፤
«ይድናል» የምትለዋንም ጭምር።

ዝማም የቦርሳዋን ዚፕ ከፈተች፣ ዘጋች፣ ከፈተች።

«ከንፈሯን አይቻለሁ» አለች።
«የዚያን ቀን። ልጅ ሲዋሽ ከንፈሩ ይገረጣል።
አውቄ ነው የሄድኩት።
ያመንኳት እንዲመስላት፣ እንድትተኛ ብዬ።
ዘጠኝ ዓመቷ ነበር! ትተኛ ብዬ።
እኔም ሆድ ይፍጀው አልኩ።»

ስድስት ዓመት፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ምድጃ፣
ጢስና ጢሱ ሳይተያይ።
የትንሿ ሆድ መያዝ ሲያቅተው
ክንዷ ተረከበው።

ለኢና መተርጎም ስጀምር ልጅቷ ቀድማኝ ሰምታለች፣ በአማርኛው።
አላለቀሰችም። እናቷ ላይ አልተጠመጠመችም።
በተሰበረ አማርኛ፣ ሐረጉን እየፈለገች፣
«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች።
ዝማም መልስ ፍለጋ ወደ እኔ ዞረች።
እኔ ግን የምተረጉመው አልነበረኝም፤
ሁለቱም በአንድ ቋንቋ ነበሩ።

ኢና «ማክሰኞ፣ በዚሁ ሰዓት» ብላ ጻፈች።
ማክሰኞ የሚድን ነገር እንዳለ አላውቅም፤
ቀጠሮ ነው፣ ይህን ያህል አውቃለሁ።

ከመስኮቱ አየኋቸው፣ መቆሚያው ላይ።
እጅጌው እንደወረደ ነው።
እናት ከቦርሳዋ የሱፍ ፍሬ አውጥታ
ከመዳፏ ወደ መዳፏ ገለበጠችላት፤
ከዚያ ፀሐይ በሚያርፍበት በኩል ዞራ ቆመች፣
ጥላዋ ልጅቷ ላይ እንዲወድቅ።
ቅርፊት ተፉ። ምንም አልተነጋገሩም።
አውቶቡስ መጣ፣ ቆመ፣ በሩን ከፈተ።
አልተሳፈሩም።